የቅሬው መዝገብ የመጨረሻ ስም

ዱባይ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለኑርዬ ይመር፤ ሐይቅ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ ጤናዎ ሙሉ፣ ጉልበትዎ የሚታዘዝ፣ ሐይቁም ከነዓሣው ከቦታው ያለ ይሁን። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የስልክ ጽሑፍ ዓይኔን ያወናብደዋል፣ በወረቀት ካልሆነ አላነብም ስላሉ ይኸው በእጄ ጽፌ ፎቶውን ለጁማ ልኬለታለሁ። ከፎቶ ኮፒ ቤቱ አትሞ ያመጣልዎታል። የእርስዎንም መልስ እሱ ፎቶ አንስቶ ይላክልኝ።

ከመጣሁ ሰባት ወር ሆነኝ። ሥራዬ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ካርቶን ሲገባ በመሣሪያ እያነበብኩ እመዘግባለሁ፣ ሲወጣም እንደዚያው። አራት ዓመት ደሴ ተቀምጬ ስታቲስቲክስ የተማርኩት ለዚህ ነው ወይ እያልኩ መጀመሪያ ሰሞን አልቅሻለሁ። አገር ቤት ሁሉ ነገር ተለወጠ፣ እስረኛው ተፈታ፣ ስደተኛው ተመለሰ ሲባል እሰማለሁ። ሰው ሲመለስ እኔ በመሄዴ እርስዎም ሳይስቁብኝ አልቀሩም።

የዛሬው ወሬዬ ግን ሌላ ነው። ያለፈው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ አንድ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ «የዳታ ሰዎች ስብሰባ፣ ለሁሉም ክፍት» የሚል ማስታወቂያ አይቼ ገባሁ። ከየአገሩ የመጡ ስልሳ የሚሆኑ ሰዎች ተቀምጠዋል። ሂንድ የምትባል ሱዳናዊት የኮምፒዩተሯን ምስል ግድግዳው ላይ አበራችው። የከተማው አውቶቡሶች ዓመት ሙሉ የተመላለሱበትን መዝገብ ሰብስባ፣ እያንዳንዱን አውቶቡስ ነጥብ አድርጋ፣ ዓመቱን በአንድ ደቂቃ አሳየችን። አጎቴ፣ ከተማው ሲተነፍስ አየሁት። ጠዋት ይሞላል፣ ማታ ይጎድላል፣ በረመዳን ትንፋሹ ይለወጣል። ይህ ሁሉ በቁጥር ክምር ውስጥ ተደብቆ የነበረ ነገር ነው። 

ይበልጥ የገረሙኝ ደግሞ ሰዎቹ ናቸው። የዳታ ተንታኝ ተብለው በዚህ ሙያ የሚተዳደሩ ናቸው። የዕረፍት ቀናቸውን ትተው፣ ማንም ሳያስገድዳቸው፣ የሚያውቁትን ለማያውቀው ሊያሳዩ ይመጣሉ። እኔም ይህን ሙያ ፈለግሁ። የመጋዘኑ ውሌ ሊያልቅ ገና ሦስት ዓመት ተኩል ይቀረዋል። እስከዚያ ከእነዚህ ሰዎች አንዷ ካልሆንኩ ወይ ካርቶን ሳነብ አረጃለሁ፣ ወይ እንደ ወጣሁ እመለሳለሁ። ግን እንዴት ልግባ? ሁሉም ይተዋወቃሉ። እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜ፣ አንድ ቃል ሳልናገር ወጣሁ።

ምን ይመክሩኛል? ምንስ ልላክልዎት? ብር ይሻሉ ወይ?

ዱዓዎ አይለየኝ።
ልጅዎ ሳጂዳ


ሐይቅ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለልጄ ለሳጂዳ አሕመዲን

ወዓለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ በሄድሽበት ጥላ ይሁንሽ፤ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፤ የአባትሽን ደጅ ዳግም ለመርገጥ ያብቃሽ። እኛ ደህና ነን። ሐይቁም አለ፤ ማንም አልወሰደው። መልሱ የዘገየው ጁማ ቀለም አልቆብኝ ነው ይላል፤ እኔ ግን በሄድኩ ቁጥር ጫት ላይ ነው ያገኘሁት።

ብር አልሻም። መነጽር ላኪልኝ። የመዝገቡ መስመር ሁለት ሁለት እየሆነ ተቸግሬያለሁ።

ወደ ጉዳይሽ ልምጣ። እኔ የአምባሰል ልጅ ነኝ። ሚስት አግብቼ ከውጫሌ ሐይቅ ስወርድ አባትሽም ገና አልተከተለኝም፤ አንድ ሰው አያውቀኝም ነበር። ሰው አገር የገባ ደግሞ ቅሬ መግባት አለበት፤ ቅሬ የሌለው ቢሞት ማን ይቀብረዋል? በመጀመሪያው ቀብር ላይ አየሁ። ቃሬዛ ለመሸከም ሰው ሁሉ ይሻማል። ጭቃ የሚያቦካ፣ ለቆፋሪው ውሃ የሚያቀብል ግን የለም። ጀሪካኑን አነሳሁ። ሁለተኛው ቀብር ላይም አነሳሁ። በሦስተኛው «ያ ውሃ የሚያመጣው ልጅ ዛሬ የት አለ?» ተባለ። በዓመቱ ማንበብና መጻፍ እንደምችል ታወቀና መዝገቡን ሰጡኝ። ይኸው ሠላሳ ስድስት ዓመት ሆነኝ።

ያንቺዎቹም ሰዎች ናቸው፤ ውሃ የሚያቀብል ሳይጎድላቸው አይቀርም። ሳይጠሩት አቤት የሚል ይስቁበታል፤ ይሳቁብሽ። ሰው የሚታወቀው በሚያውቀው ነገር ብቻ አይደለም፤ በሚያነሳው ዕቃም ነው።

አንድ ነገር ላስታውስሽ። አባትሽ አሕመዲን ሲሞት ወንድ ልጅ የለውም፣ ስሙ ከመዝገብ ይውጣ ሲሉ፣ «ቤቱ አልተዘጋም» ብዬ ያንቺን ስም ከመዝገቡ መጨረሻ ላይ ጻፍኩ። ሴት በወንዶች መዝገብ ብለው ያጉረመረሙት ሽማግሌዎች ዛሬም እንዳጉረመረሙ ናቸው። የቅሬያችንን ወግ ታውቂዋለሽ። ከቀብር የቀረውን ሰው በር የሚያንኳኳው ጸሐፊው ነው። የጸሐፊውን በር የሚያንኳኳው ግን በመዝገቡ መጨረሻ ያለው ስም ነው። እንግዲህ እኔ የቀረሁ ዕለት ከዱባይ ተነስተሽ መምጣትሽ ነው፤ ጫማሽን አዘጋጂ።

አጎትሽ ኑርዬ


ዱባይ፣ ሰኔ 20 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለኑርዬ

የአላህ ሰላምና እዝነት በቤትዎ ይሁን። መነጽሩን ወደ ሐይቅ ከምትመለስ ልጅ ጋር ልኬዋለሁ። ሁለት ነው፤ አንዱ ቢሰበር ብዬ ነው።

ምክርዎን ሠርቼበት ነበር። በቀጣዩ ዓርብ አንድ ሰዓት ቀድሜ ሄጄ ወንበር ደረደርኩ። ከዚያ በሩ ላይ ቆሜ የሚመጡትን ስም መጻፍ ጀመርኩ። በሦስት ወር ውስጥ ስሙን የማላውቀው ሰው አልቀረም። አዲስ ሰው ሲመጣ ከማን አጠገብ ቢቀመጥ እንደሚጠቀም እኔን ይጠይቁኛል። ሂንድ አሮጌ ኮምፒዩተሯን ሰጠችኝ፤ ከመጋዘን ስወጣ በየቀኑ እየተለማመድኩበት ነው።

ከዚያ ወደቅሁ። የዳታ ሰዎቹ ማኅበር በየዓመቱ ለአንድ በጎ አድራጎት ሥራ በነጻ ያግዛል። ዘንድሮ የቀን ሠራተኞች የሚታከሙበት ክሊኒክ ነበር። አምስት ሺህ የሕመምተኛ ቅጽ ተካፈልን። በእኔ ድርሻ «ትኩሳት ነበረው?» በሚለው ቦታ ብዙ ባዶ ነበር። ባዶውን ሁሉ «አልነበረውም» ብዬ ሞላሁት። ሥዕሉን ስሠራው የአንድ ሰፈር ሠራተኞች ከሁሉ ጤነኞች ሆነው ወጡ። ደስ ብሎኝ ከሁሉም ፊት አሳየሁ። ሂንድ ቀስ ብላ፣ «ትኩሳት እንዳልነበራቸው በምን አወቅሽ?» አለችኝ። ቅጾቹን መልሼ አየሁ። ለካ በዚያ ሰፈር የሚጠይቃቸው ነርስ አልነበረም። ከሁሉም የታመሙት እነሱ ነበሩ።

ማንም አልሰደበኝም፤ ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። አራት ዓርብ ቀርቻለሁ። ምናልባት ለካርቶን ነው የተፈጠርኩት። ጁምዓ ሰግጄ ቀጥታ ወደ መኝታዬ እገባለሁ። እርስዎ ያመኑብኝን ነገር ስላበላሸሁ ይቅር ይበሉኝ።

ልጅዎ ሳጂዳ


ሐይቅ፣ ነሐሴ 2 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለልጄ ለሳጂዳ

ሰላሙም ዱዓውም እንደ ሁልጊዜው ይድረስሽ። መነጽሩ ደርሷል። አንዱን ለራሴ፣ አንዱን ለቅሬው ዳኛ ሰጠሁ፤ እሱም ወዲያው ስድስት ስሕተት አገኘብኝ። ባልሰጠሁት ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ከያን ጊዜዎቹ ሽማግሌዎች በቀር ማንም የማያውቀውን እነግርሻለሁ። ለአባትሽም አልነገርኩትም።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጸሐፊነቱን ከያዝኩ ገና ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። ቀብር በየቀኑ ነው፤ አንዳንዴ በቀን ሦስት ይሆናል። ማህዲ የሚባል ሸማኔ ነበር፤ ብቻውን የሚኖር፣ ቀልድ የሚወድ ሰው። በተከታታይ ሦስት ቀብር አልመጣም። እኔም ብዕሬን አንስቼ «ቀሪ» ብዬ ጻፍኩ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ሦስት ቀብር የቀረ በሽማግሌ ይወቀስ ነው ደንቡ። በአራተኛው ቀን ሽማግሌዎች ሊወቅሱት ሲሄዱ እኔም መዝገቡን ይዤ ተከተልኩ። ማህዲ ከሽመና ጉድጓዱ አጠገብ ወድቋል። ከሞተ ውሎ አድሯል። ሬሳውን ሳናነሳ ስለ ሌላው ቀብር ቀረ ብለን ልንከሰው ቆመናል። ያ መዝገብ ያን ቀን እጄ ላይ ከበደኝ።

በመጀመሪያው ቀን ሰው ሄዶ በሩን ቢመታ ኖሮ ይተርፍ ነበር ወይ? አላህ ያውቃል። እኔ የማውቀው ያልጠየቅሁትን ነገር እንደጠየቅሁ አድርጌ መጻፌን ነው።

ከዚያ ወዲህ በመዝገቤ «ቀሪ» የሚል ቃል የለም። የመጣ ሰው ስሙ ፊት ነጥብ ይደረግለታል። ያልመጣው ባዶ ይተዋል። ከቀብሩ በኋላ ባዶ ወደሆነው ቤት ሁሉ እሄዳለሁ። «ለምን ቀረህ?» አይባልም፤ «ምን አገኘህ?» ነው የሚባለው። ምክንያቱን ሰምቼ ስመለስ ባዶው ላይ ክብ እሠራለሁ፤ ተጠይቋል ማለት ነው። ባዶ ሆኖ የሚያድር ስም ካለ እንቅልፍ አይወስደኝም። ባዶው ቀሪ አይደለም፤ ያልተጠየቀ ነው።

አንቺ ያጠፋሽውን እኔ አጥፍቼዋለሁ፤ በእኔ ስሕተት ግን ሰው ሞቶበታል። እኔ መዝገቡን ጥዬ ልሄድ ስል ሽማግሌዎቹ «ስሕተቱን የሚያውቀው አንተ ነህ፣ ሌላ ሰው ብንሾም እንደገና ያጠፋዋል» ብለው መለሱኝ። ተመለሺ። ቀርተሽ እንደሆነ በርሽን የሚያንኳኳ ከጠፋ አንቺ ሄደሽ የእነሱን አንኳኪ።

አጎትሽ ኑርዬ


ዱባይ፣ ግንቦት 28 ቀን 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለኑርዬ

አሰላሙ ዓለይኩም። ይህ በሽታ ከእርስዎና ከሐይቅ ሰው ይራቅ። መጻፍ ያቆየኝ ስንፍና አይደለም፤ የምጽፈው በዝቶብኝ ከየት ልጀምር እያልኩ ነው።

ተመለስኩ። ስገባ ሂንድ ከወንበሯ ተነስታ፣ «ሳጂዳ፣ አላህ ይይልሽ፣ ወንበሩን ማን ይደርድረው?» አለችኝና ሁሉም ሳቀ። ፈቃድ ጠይቄ ከፊት ቆምኩና የማህዲን ታሪክ ነገርኳቸው። ቅሬ ምን እንደሆነ፣ ነጥቡን፣ ክቡን፣ ባዶውን አስረዳኋቸው።  በባንክ፣ በአየር መንገድ፣ በሆስፒታል የሚሠሩ ሰዎች የእርስዎን ነገር ለማድመጥ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ሂንድ ሰሌዳው ላይ በዐረብኛ «ባዶው ያልተጠየቀ ነው» ብላ ጻፈች። አሁን የማኅበሩ አነጋገር ሆኗል። አንድ ሰው ባዶ ቦታን በግምት ከሞላ «የኑርዬን በር አንኳኳህ?» ይሉታል። ስምዎን ህንዱም ሶሪያውም እንደየአፉ ይጠራዋል።

ኮሮና አዳራሹን ሲዘጋው ስብሰባው በኮምፒዩተር ሆነ። እኔም በአማርኛ የሚማር ካለ ላስተምር ብዬ በቴሌግራም ክፍል ከፈትኩ። አሥር ሰው ይመጣል ስል መቶ አርባ መጣ። ከጂዳ በሰው ቤት እየሠሩ የሚማሩ፣ ከደሴ፣ ከባሕር ዳር። የመጀመሪያውን የቤት ሥራ ቀድሞ ያስረከበው ማን ቢሆን ይወዳሉ? አሻግሬ የሚባል የውጫሌ የሒሳብ መምህር። ለግሸን ንግሥ የሚመጣውን ሕዝብ በየዓመቱ ከመኪና መውረጃው ቆጥሮ ይዞ ቆይቷል፤ ምን እንደሚያደርገው ሳያውቅ። የአገሬ ሰው እንዲህ ያለ ነገር በየጓዳው ይዞ ይቀመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። 

አሁን የማስቸግርዎት አለ። የመዝገቡን ገጾች ጁማ ፎቶ ያንሳልኝ። ስሙን ሸፍኖ የየቀብሩን ቀን፣ የሟቹን ዕድሜ፣ ነጥቡንና ክቡን ብቻ ቢያነሳ ይበቃኛል። አንድ ነገር ላሳይዎት እፈልጋለሁ።

ልጅዎ ሳጂዳ


ሐይቅ፣ ነሐሴ 17 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለልጄ ለሳጂዳ

አላህ ያቆይሽ። ሁለት ዓመት ሙሉ በጽሑፍ ቃል አላቀበልኩሽም። ሥዕሉ የደረሰኝ ጊዜ ልጽፍ ብዬ ብዕሩ እምቢ አለኝ። አሁን የምጽፈው ጊዜው ስላስገደደኝ ነው።

መጀመሪያ ስለ ሥዕሉ። መዝገቡ «ዳታ» ይባላል ብለሽ በስልክ ያስረዳሽኝ ጊዜ ለቀባሪው አረዱት ብዬ ስቄ ነበር። ጁማ ያንን ትልቅ ወረቀት ሲዘረጋው ግን መነጽሬን አደረግሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት በአንድ ወረቀት። እያንዳንዱን ቀብር ነጥብ አድርገሽዋል። ሰባ ሰባት ላይ ነጥቡ ጠቁሮ እንደ ቀለም ፈሷል። በጣቴ ነካሁት። ከዚያ እየሳሳ፣ እየሳሳ፣ ሕፃናቱ ጤና ጣቢያ ከተከፈተ ወዲህ እንደማይሞቱ በግልጽ ይታያል። እኔ አንድ በአንድ ነው የቀበርኳቸው፤ አንድ ላይ ሆነው አይቻቸው አላውቅም። ሱብሐነላህ አልኩና ቁጭ አልኩ። ዳኛው መነጽሩን አድርጎ ስሕተት ሲፈልግ ውሎ አላገኘም። የማህዲን ነጥብ ለይቼ ባላገኘውም እዚያ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ።

አሁን ወደ ጊዜው። ጦርነቱ ከሰሜን እየወረደ ነው። ከቆቦና ከወልዲያ በኩል የሚመጣው ሰው በሐይቅ በኩል ወደ ደሴ ያልፋል። ልጅ ያዘሉ፣ በሬ የሚነዱ፣ ምንም ያልያዙ። ከመንገደኛው ሁለት ሰው እዚህ ሞተው ቀበርናቸው። ቅሬ የላቸውም ቢባል ቅሬያቸው እኛ ነን አልኩና ለእንግዳ የሚሆን ገጽ ከፈትኩ። መዝገቡ እያለቀብኝ ነው። ብር አልፈልግም፤ መስመር ያለው ወፍራም ደብተር ላኪልኝ።

ወደ ደሴ ውጣ፣ ወደ አዲስ አበባ ሂድ እንደምትይኝ አውቃለሁ። ጁማም ሱቁን ዘግቶ ሊሄድ ጓዙን እያሰረ ነው፤ ይህ ምናልባት በእሱ የሚደርስሽ የመጨረሻው ነው። እኔ የትም አልሄድም። ሁሉ ሰው ከሄደ የቀረውን ማን ይጠይቀዋል? እድሜዬም ለመንገድ አይሆንም። የሐይቁ ዳር ማሽላ ዘንድሮ ያምራል።

አጎትሽ ኑርዬ


ዱባይ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ

የሚያትመው ሰው ባይኖርም እጽፋለሁ። ውጫሌም ሐይቅም ደሴም ጦርነት ገባባቸው። ስልክ የለም። ጁማ ደብረ ብርሃን ደርሶ ደውሎልኛል፤ «አጎትሽ እምቢ አለኝ፣ መዝገቡን ታቅፎ በሩ ላይ ቆሞ ሸኘኝ» አለኝ። ደብተሩን ገዝቼ አልጋዬ ስር አስቀምጫለሁ።

ሳጂዳ


ዱባይ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለኑርዬ፤ ባሉበት

አላህ ባሉበት ከለላ ይሁንዎት። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልዎት አሻግሬ ነው፤ በሰላም ከደረሰ።

ባለፈው ወር የማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ነበር። ከአራት መቶ ሰው ፊት ቆሜ እንድናገር ሂንድ ከመረጠችኝ ቆይታለች። እርስዎ ከጠፉ በኋላ አልችልም አልኳት። «ያልተጠየቁ ሰዎች አሉሽ፤ የሚጠይቁልሽም እዚያ አዳራሽ ውስጥ ናቸው» አለችኝ። ወጣሁ። ስለ ባዶ ቦታ ነበር የተናገርኩት። መጨረሻ ላይ፣ «አጎቴ ዛሬ ባዶ ነው» ብዬ ንግግሬን ጨረስኩ። ማንም አላጨበጨበም። አንድ ሰው ተነሳና «ምን እናድርግ?» አለ። ሌላው ተነሳ። ሦስተኛው ተነሳ።

ያን ምሽት ሥራ ተጀመረ። በዐረብ አገር ያለ የወሎ ልጅ የጠፋበትን ዘመድ ስም፣ ሰፈርና መጨረሻ የታየበትን ቦታ ይልካል። ከአሥራ አንድ አገር የመጡ፣ ሐይቅ የሚለውን ስም መጥራት የማይችሉ ሰዎች ተራ ገብተው ያጣራሉ። መጠለያ ውስጥ ያሉ የአማርኛው ክፍል ተማሪዎቼ በእግራቸው እየዞሩ ይጠይቃሉ። አሻግሬ ከውጫሌ ተፈናቅሎ ደብረ ብርሃን ነበር፤ በሁለት ሳምንት ዘጠኝ መቶ ስም መዝግቧል። አራት ሺህ ሁለት መቶ ሰው ተፈልጎ ሁለት ሺህ ስድስት መቶው ተገኝቷል። እያንዳንዱ ስም ሲገኝ ነጥብ ሆኖ ማያ ገጹ ላይ ይበራል። አጎቴ፣ ሦስት ዓመት ወንበር የደረደርኩላቸው ሰዎች ናቸው። እነሱ የማያውቁትን ሰው በር ሲያንኳኩ ሳይ ምን እንደምል አላውቅም።

አንድ ባልደረባችን በቅንነት፣ «ከታዩ አርባ ቀን ያለፋቸውን ባዶዎች እናውጣቸው፣ ሥራው ይቀላል» ብሎ ነበር። አራት ሰው በአንድ አፍ መለሰለት። ምን ብለው እንደመለሱለት እርስዎ ያውቁታል።

ንግግሬን ከሰሙት አንዱ የጤና መረጃ ድርጅት ኃላፊ ነበር። ከጥር ጀምሮ በዳታ ተንታኝነት ቀጥሮኛል፤ ከመጋዘኑ እወጣለሁ። ይህን ልነግረው የምፈልገው ሰው አንድ ነው፤ እሱ ግን በዝርዝሬ ላይ ባዶ ነው።

መንገዱ ተከፍቷል ሲባል አሻግሬ ወደ ውጫሌ ሊመለስ ተነሳ። ሐይቅ ላይ ያልፋል። የመዝገቡ የመጨረሻ ስም እኔ ነኝ። ጸሐፊው ቀርቷል። በሩን ማንኳኳት የእኔ ነው። ስለዚህ በእኔ ፈንታ እሱን ልኬዋለሁ። ምን እንደሚባል አስተምሬዋለሁ። ማንም ካልመለሰለት ባዶውን ባዶ ብሎ እንዲተወው፣ ሌላ ነገር እንዳይጽፍበት ነግሬዋለሁ።

ሳጂዳ


ሐይቅ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለሳጂዳ አሕመዲን፣ የዳታ ተንታኝ

ወዓለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ እጅሽን ይባርከው። የአባትሽን ነፍስ ባንቺ ያስደስታት። አለሁ።

እዚህ ያሳለፍነውን ሁሉ አልጽፈውም፤ ስትመጪ ትሰሚዋለሽ፣ ያልሰማሽውም ይቅርብሽ። የቀረነው ጥቂት ነበርን። አሥራ አራት ሰው ቀበርን። አንዳንዱን በሦስት ሰው ነው ያወጣነው። ከእያንዳንዱ ቀብር በኋላ እንደ ወጉ ባዶዎቹን ልጠይቅ እዞር ነበር። ከአሥራ አራተኛው ስመለስ የሐይቁ ዳር ድንጋይ አዳለጠኝና ቁርጭምጭሚቴ ተሰበረ። እየተጎተትኩ ቤቴ ገባሁ። ጎረቤቶቼ ሄደዋል። በጀሪካን ውሃ፣ በጎታው ውስጥ ማሽላ ነበረኝ። መዝገቡን ከማሽላው ስር ቀበርኩት።

አሥራ አንድ ቀን ተኛሁ። በዚያ ሰሞን በር የሚያንኳኳ የሚመጣው ሊወስድ እንጂ ሊጠይቅ አይደለም። ሲንኳኳ ትንፋሼን መዋጥ ለመድኩ። ሁለት ጊዜ ተንኳኳ፤ ሁለቴም ዝም አልኩ። ማህዲን አሰብኩት። እሱም ያን ጊዜ እንዲህ ተኝቶ ሰው ሲጠብቅ ይሆናል አልኩ።

ታኅሣሥ 11 ቀን ከዙሁር በኋላ ደግሞ ተንኳኳ። ዝም አልኩ። ከዚያ የማላውቀው ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ «ጸሐፊው፣ ምን አገኘዎ?» አለ።

ልጄ፣ ሠላሳ ሰባት ዓመት ያንን ቃል ስንቱ ደጅ ቆሜ ተናግሬዋለሁ። ለእኔ ሲባል ሰምቼው አላውቅም ነበር። «ማን ላከህ?» አልኩት። «የመዝገቡ የመጨረሻ ስም» አለኝ። አለቀስኩ። አሻግሬ በሩን ገፍቶ ገባና አዝሎኝ እስከ መንገድ ወጣ። የተዋሕዶ ልጅ ነው፤ ቢስሚላህ ብለህ አንሳኝ ስለው «በስመ አብ ብዬ ጀምሬያለሁ፣ አይወድቁም» አለኝ። አሁን እግሬ ታስሮ ቤቴ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ፎቶ አንስቶ ደሴ ሲወርድ እልካለሁ ብሎኛል።

ሁለት ነገር እሻለሁ። አንደኛው ያ ደብተር ነው። ሁለተኛው ዝርዝርሽ ነው። የሐይቅንና የአምባሰልን ባዶዎች ላኪልኝ። በዱላም ቢሆን ከአሻግሬ ጋር እየዞርን እንጠይቃለን። ካንቺ ማኅበር ገብቻለሁ፤ ወንበር መደርደር አልችልም እንጂ።

ትናንት ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ መዝገቡን አውጥቼ ከፊታቸው ዘረጋሁት። በስምሽ ፊት እስከ ዛሬ ያለው ክብ ብቻ ነበር፤ ተጠይቃለች፣ በስደት ናት ማለት ነው። ለታኅሣሥ 11 ቀን አዲስ ረድፍ ከፍቼ፣ ከላዩ «የጸሐፊው በር» ብዬ ጻፍኩ። ካንቺ ስም ፊት ለፊት ነጥብ አደረግሁ። ዳኛው በመነጽሩ አጎንብሶ አየው፤ ስሕተት አላለም።

አጎትሽ ኑርዬ ይመር